አስተናግር በእጃጂ

እናላችሁ፣ ከአምቦ ተነስታችሁ፣ ጉደርን አልፋችሁ፣ ጌዶን ከደጋው ላይ ትታችሁ ወደ ባኮ ስትወርዱ እጃጂን ታገኛላችሁ። የነቀምት መኪና ለአፍታ ቆሞ ሰው አውርዶ ሰው የሚጭንባት የኢሉ ገላን ወረዳ ከተማ ናት። ዙሪያዋ በቆሎ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከአስፋልቱ ዳር፣ ከበረቱ ጓሮ፣ ቆሻሻ ከሚደፋበት ሁሉ አንድ አረም ተነስቶ የሰው ወገብ ይደርሳል። ቅጠሉ ሰፊ ነው፣ ጠርዙ የተቦጫጨቀ። አበባው ነጭ፣ አንዳንዴም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ፣ አፉን የከፈተ ረጅም ቱቦ ነው። ፍሬው እሾሃም ነው፤ ሲደርቅ አራት ቦታ ተሰንጥቆ ጥቁር ዘሩን ያፈሳል። ኦሮምኛ ተናጋሪው አሳንግራ ይለዋል፣ አማርኛ ተናጋሪው አስተናግር፤ መጽሐፍ የሚገልጡት ደግሞ ዕፀ ፋሪስ ይሉታል።

ስለ አረም ልተርክ አልመጣሁም። ስለ መርሳት ነው የመጣሁት። ግን በዚህች ከተማ ስለ መርሳት ማውራት የፈለገ ሰው ከዚህ አረም ቢጀምር ይሻለዋል፤ ለምን እንደሆነ እየቆየ ይገባችኋል።

አንዲት ቤት ልሥራላችሁ። የማንም ቤት አይደለችም፤ ከዚህም ከዚያም ከሰማሁት እየቆነጠርኩ የገጣጠምኳት ናት፤ ስለዚህ «እገሊት ናቸው» እያላችሁ ጣት እንዳትቀስሩ። በቤቷ ሰባውን ያለፉ አንዲት እናት አሉ። የልጅ ልጆቻቸው «አኮ» ይሏቸዋል፤ እኛም አኮ እንበላቸው።

አኮ ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ነገር ይጠፋባቸው ጀምሯል። ቡናው ላይ ጨው ይጨምራሉ፤ አንድ ሲኒ ሳይቀዳ ዳግመኛ ይጨምራሉ። የዕድር ብር ከፍለው ሲያበቁ ተመልሰው መቀነታቸውን ይፈታሉ። በርበሬ ሊገዙ ወጥተው ገበያ መሃል «ምን ልገዛ ነበር?» ብለው ይቆማሉ። በሠርጋቸው ዕለት የተዘፈነውን፣ የመጣላቸውን ጥሎሽ፣ በልጅነታቸው ያለቧቸውን ላሞች ስም ግን አንድ ሳይዘሉ ይነግሯችኋል። ልጃቸው «አረጁ እንግዲህ» ትላለች፤ ጎረቤቱም «ጃጁ» ይላል፤ ወሬው እዚያው ላይ ይቆማል። እርጅና ተብሎ የተዘጋን ነገር ደግሞ ማን ይከፍተዋል?

ነሐሴ ላይ አንድ ማታ ጥርስ ያዛቸው። መንጋጋቸውን በነጠላ አስረው ሲያቃስቱ አንዲት ደግ ጎረቤት የአስተናግር ዘር በጭብጧ ይዛ መጣች። ፍሙ ላይ በተነችው፤ ጭሱን በሸንበቆ ወደታመመው ጥርስ አደረሰችላቸው። እሷ የፈጠረችው አይደለም፤ በየአገሩ ያለ የጥርስ መድኃኒት ነው፤ ትሉን ያወጣል ይባላል። ጥርሱም ረገብ አለላቸው፤ ተኙ።

እኩለ ሌሊት ላይ ተነስተው ተቀመጡ። ሰፌድ እንኳ ሳይዙ ከጭናቸው ላይ ምስር መልቀም ጀመሩ። በጣታቸው ጫፍ ጠጠሯን ያነሳሉ፣ ወደ ጎን ይጥላሉ፣ ሌላዋን ያነሳሉ። ከሞቱ ብዙ ዓመት ካለፋቸው ባለቤታቸው ጋር ስለ አንድ በሬ ይከራከራሉ። ልጃቸው «እማዬ! እማዬ!» ስትል ዞር ብለው ያዩዋታል፤ ማን እንደሆነች ግን አያውቁም። ፊታቸው ቀልቷል፣ ገላቸው ይፋጃል፣ ላብ ግን ጠብ አላለም። ውሃ ሲሰጧቸው ምላሳቸው ከላንቃቸው ተጣብቆ አልላቀቅ አለ።

«ለክፏቸው ነው» አለ አንዱ። «ሲነጋ ጠበል ይወሰዱ» አለች ሌላዋ። ልጅቱ ሲነጋ ድረስ አልጠበቀችም፤ ባጃጅ አስነስታ ጤና ጣቢያ ይዛቸው ሄደች።

ተረኛው ጤና መኮንን ወጣት ነው። ዓይናቸው ላይ ባትሪ አበራ፤ ብሌናቸው ሰፍቶ ቀርቷል፣ ብርሃን ሲያርፍበት አይጠብም። እጁን ብብታቸው ሥር ከተተ፤ ደረቅ ነው። ከእምብርታቸው በታች ዳበሰ፤ ፊኛቸው ተወጥሯል።

«ምን ወሰዱ?» አለ።

«ኧረ ምንም! ጥርሳቸውን ነው ያጠንናቸው እንጂ።»

«በምን?»

ልጅቱ ጎረቤቷን አየች፣ ጎረቤቷ መሬት አየች። «በአሳንግራ» አለች ቀስ ብላ።

«እንግዲያው ልክፍት አይደለም» አለና ሽንታቸውን የሚያወጣበትን ቱቦ፣ ግሉኮሱንና ማረጋጊያውን አዘጋጀ። በማግሥቱ ማታ ልጃቸውን በስሟ ጠሯት።

ብብት ዳብሶ ይህን ማወቅ ቀላል ይመስላል። ከኋላው ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው፤ መንገዱም ግራትስ በምትባል የኦስትሪያ ከተማ፣ ሕልም በሚያይ አንድ ሐኪም ቤት በኩል ያልፋል።

ኦቶ ሎዊ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1921 ያሳተመው ሙከራ የመጣለት በእንቅልፉ ነው። ሌሊት ነቅቶ ሐሳቡን ወረቀት ላይ ሞነጫጨረና ተኛ፤ ጠዋት የገዛ ጽሑፉን ማንበብ አቃተው። በማግሥቱ ሌሊት ያው ሐሳብ ተመልሶ መጣ። አሁንስ ወረቀትን ማን ያምናል? ልብሱን ለብሶ በጨለማ ወደ ቤተ ሙከራው ሄደ። የሁለት እንቁራሪቶችን ልብ አወጣ፤ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ሆነው ሁለቱም ይመታሉ። አንደኛው ከነርቩ ጋር ነው፤ ነርቩን በኤሌክትሪክ ነካው፣ ልቡ ዝግ አለ። ከዚያ ያ ልብ የነበረበትን ውሃ ቀድቶ ነርቭ በሌለው በሁለተኛው ልብ ላይ አፈሰሰው። እሱም ዝግ አለ። ነርቭ ከልብ ጋር የሚነጋገረው ውሃ ውስጥ በሚሟሟ ነገር ነው ማለት ነው።

ያ ነገር አሴቲልኮሊን መሆኑ ኋላ ተረጋገጠ። እንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል በበኩሉ ንጥረ ነገሩ በሰውነት ላይ የሚሠራውን እ.ኤ.አ. በ1914 አጥንቶ ጽፎ ነበር። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1936 የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። ለእኛ ጣሊያን አዲስ አበባ የገባበት ዓመት ነው፤ ለሎዊም ክፉ ጊዜ እየመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 ናዚዎች አሰሩት፤ ከአገር እንዲወጣ የፈቀዱለት የሽልማቱን ገንዘብ ካስረከባቸው በኋላ ነው።

አሴቲልኮሊን ልብን ብቻ አያዝም። ምራቅና ላብ የሚመነጨው፣ አንጀት የሚንቀሳቀሰው፣ ፊኛ የሚጨመቀው፣ የዓይን ብሌን የሚጠበው በእሱ ትእዛዝ ነው። አስተናግር ውስጥ ያሉት አትሮፒንና ስኮፖላሚን እሱ የሚያርፍበትን ቦታ ቀድመው ይይዙና ምንም ሳያደርጉ ይቀመጡበታል። አፍ ይደርቃል፣ ላብ ይቆማል፣ ብሌን ይሰፋል፣ ሽንት ይታገዳል። ወደ አንጎል ሲገቡ ደግሞ ሰውዬው ምስር ይለቅማል።

አንጎል ውስጥ አሴቲልኮሊን የሚሠራው ሥራ ሁለት ዓይነት ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም፤ ልብ ማለትና አዲስ ነገር መያዝ። አሁን ከፊታችሁ ያለው ነገር ከሌላው ጫጫታ ጎልቶ እንዲታያችሁ ያደርጋል፤ ያየነውም ነገር ለነገ እንዲቀመጥ መንገድ ይከፍታል። ከጥንት የተቀመጠውን ለማውጣት ግን የእሱ እርዳታ ያን ያህል አያስፈልግም። አኮ የላሞቻቸውን ስም አስታውሰው ቡናው ላይ ሁለት ጊዜ ጨው የሚጨምሩት ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካላወራሁ ያንቀኛል፤ አብሾ።

በየአብነት ትምህርት ቤቱ ያለፈ ሰው ያውቀዋል። ዜማው አልያዝ፣ ድጓው አልገባ ያለው ቆሎ ተማሪ አእምሮው እንዲገለጥለት የሚጠጣው ነገር ነው። አዘገጃጀቱ በምሥጢር ይያዛል፤ ዋናው ዕፅ አስተናግር እንደሆነ ግን ተደጋግሞ ተጽፏል። የጠጣው ለቀናት ይለፈልፋል፣ ጓደኞቹ ይጠብቁታል፣ ከዚያ ወዲያ አረቄ እንዳይቀምስ ይመከራል ይባላል። ሞቅ ሲለው ጠረጴዛ የሚገለብጠውን ሰው «አብሾ አለበት» የምንለው ከዚሁ የመጣ ነው። አያችሁ ጉዱን! ማስታወስ ፍለጋ ተሂዶ የተገኘው፣ አንጎል አዲስ ነገር የሚይዝበትን በር የሚዘጋው ዕፅ ነው። ሊቃውንቱን ለመሳደብ አይደለም፤ መቼም ድጓን በቃሉ የያዘ ሰው ፊት ስለ ማስታወስ ማን ደፍሮ ይናገራል? እኔ ግን ያንን ሁሉ ያስያዛቸው ከሌሊት እስከ ሌሊት መቀጸሉና የየኔታ አርጩሜ ነው ባይ ነኝ፤ አብሾው ምስጋናውን ነው የወሰደባቸው።

አሜሪካ ውስጥ ይህንኑ በፈተና ያዩት አሉ። ድራክማን የተባለው የነርቭ ሐኪም ከሥራ ባልደረባው ጋር ሆኖ ጤነኛ ወጣቶች ስኮፖላሚን እንዲወስዱ አደረገና ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1974 አሳተመ። ወጣቶቹ የተነገራቸውን ጥቂት ቁጥር ወዲያው መድገም አላቃታቸውም። ለኋላ የሚቀመጠውን አዲስ ነገር ግን መያዝ አቃታቸው። የፈተና ወረቀታቸው ምንም መድኃኒት ያልወሰዱ አረጋውያንን ወረቀት ይመስል ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ተገለበጠ፤ የሽማግሌው አንጎል ያለ አስተናግር ለምን አስተናግር የጠጣ መሰለ?

ጥያቄው መልስ ያገኘው ከሞቱ ሰዎች አንጎል ነው። መቼም አልዛይመር የሚለውን ስም ሰምታችኋል። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1901 ፍራንክፈርት ውስጥ የ51 ዓመት ሴት ተቀብሎ ነበር፤ ስሟ አውጉስት ዴተር ነው። ባሏን ትጠረጥራለች፣ ዕቃ ያስቀመጠችበት ይጠፋባታል፣ ጥያቄ ስትጠየቅ የምትመልሰው የሌላ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 ስትሞት አንጎሏን በማይክሮስኮፕ አየው፤ ከሕዋሳቱ ውጭ የተከመረ ጓል፣ ከሕዋሳቱ ውስጥ የተወሳሰበ ክር። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ቱቢንገን ላይ ያየውን ተናገረ፤ ጉባኤው እምብዛም ጉዳዬ አላለውም።

ከዚያ ሰባ ዓመት ያህል ጓሉና ክሩ ብቻ ይወራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 ኤዲንብራ ውስጥ ፒተር ዴቪስና ማሎኒ በአልዛይመር የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምረው አሴቲልኮሊን የሚሠራው ኢንዛይም ክፉኛ ማነሱን አሳዩ። የት ነው የሚሠራው? አንጎል ሥር፣ ከዓይን ወደ ኋላ ገባ ብሎ፣ የማይነርት ኒውክሊየስ የሚባል ትንሽ ቦታ አለ። አንጎላችን ከ80 ቢሊዮን በላይ የነርቭ ሕዋሳት አሉት፤ የዚህ ቦታ አሴቲልኮሊን ሠሪዎች ግን በመቶ ሺዎች ነው የሚቆጠሩት። በእነዚያ ጥቂቶች በኩል ነው የአንጎል ቅርፊት በሙሉ የሚታደለው። እ.ኤ.አ. በ1982 የባልቲሞር ተመራማሪዎች ቦታውን ቆጠሩት፤ አልዛይመር በነበረባቸው ሰዎች ከሕዋሳቱ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት የሉም። በአስተናግር የተዘጋ በር ሲነጋ ይከፈታል፤ እዚህ ግን መልእክቱን የሚልከው ሰው ራሱ ቤቱን ለቅቋል።

ወደ በቆሎው እንመለስ። የእጃጂ ጎረቤት ባኮ ነው፤ ባኮ ደግሞ የግብርና ምርምር ማዕከሉና ቢኤች 660 የተባለው ዲቃላ በቆሎ ያስጠሩት ቦታ። ገበሬው በቆሎ ካለው ነቀዝ አለበት፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ደግሞ መጤው ተምች ተጨምሮበታል። ስለዚህ በየቤቱ ጥግ፣ አንዳንዴም ከአልጋ ሥር፣ ማላታይን አለ።

ማላታይን ምን እንደሚያደርግ ለመናገር አንድ ኢንዛይም ላስተዋውቃችሁ። አሴቲልኮሊን መልእክቱን አድርሶ ሲያበቃ ወዲያው የሚቆራርጠው፣ ኮሊን ኢስተሬዝ የሚባል ነው። የእጃጂ ገበያ ሲበተን መጥረጊያዋን ይዛ የምትከተለውን ሴት አስቧት፤ ያለፈውን ካልጠረገች የሚቀጥለው ገበያ የሚቆምበት ቦታ የለም። ማላታይን የጠራጊዋን እጅ ያስራል። ተባዩ በዚህ ይሞታል። ጓንት ሳያደርግ፣ ነፋስ ሳይመርጥ፣ በባዶ እግሩ ሲረጭ የዋለውም ገበሬ ተባዩን ይመስላል፤ ምራቁ ይዝረበረባል፣ እንባው ይወርዳል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ብሌኑ የመርፌ ቀዳዳ ታክላለች፣ ሳንባው በፈሳሽ ይሞላል፣ ልቡ ዝግ ይላል፣ ሥጋው ይንቀጠቀጣል። የአኮን ሌሊት አስታውሱና ግልብጡን አስቡ።

ታሪኩም ጨለማ አለበት። ዴልና ሎዊ ሽልማታቸውን በተቀበሉበት ታኅሣሥ ወር፣ ጀርመናዊው ኬሚስት ጌርሃርት ሽራደር ተባይ ማጥፊያ ሲፈልግ ታቡን የተባለውን ቅመም አገኘ። የመጀመሪያው የነርቭ ጋዝ ነው። ከማላታይን ጋር ዘመዳሞች ናቸው፤ የሚያስሩትም የዚያችኑ ጠራጊ እጅ ነው።

በማላታይን የተመረዘ ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ ልብሱን አውልቀው ገላውን በሳሙና ያጥቡታል፤ ከዚያ ሳንባው እስኪጠራ ድረስ በመርፌ አትሮፒን ይሰጡታል። አትሮፒን! ነሐሴ ላይ አኮን ያሳበደው የአረሙ መርዝ እዚህ ነፍስ ያድናል። ያው ጤና መኮንን በአንድ ሳምንት ውስጥ ለአንዷ ሴት መርዝ ብሎ የሸሸውን ለሌላው ሰው መድኃኒት ብሎ ይወጋል። ታዲያ ከእናንተ መሃል «እንግዲያው ማሳ ላይ ቅጠሉን ባኝክስ?» የሚል ካለ፣ ሁለት መርዝ ይዞ ጤና ጣቢያ እንደሚደርስ ይወቀው። መጠኑን የሚያውቀው መርፌው እንጂ ቅጠሉ አይደለም።

አሁን መድኃኒት ሠሪዎቹ ምን እንዳሰቡ ሳይገባችሁ አይቀርም። አልዛይመር የያዘው ሰው አሴቲልኮሊኑ ጥቂት ነው። የቀረችዋ ጥቂት ቶሎ እንዳትጠረግ፣ የጠራጊዋን እጅ ማሰር ሳይሆን ትንሽ ያዝ ማድረግ ቢቻልስ? መንገዱን ቀድሞ የጠቆመው አፍሪካዊ ባቄላ ነው። ናይጄሪያ ውስጥ በካላባር አካባቢ የተከሰሰን ሰው ባቄላ አብልተው ይፈርዱበት ነበር፤ ካስመለሰው ንጹሕ፣ ከሞተ ጥፋተኛ። ከዚያ ባቄላ የወጣው ፊዞስቲግሚን ኮሊን ኢስተሬዝን ለጊዜው ይይዛል። ለአስተናግር መመረዝም ማርከሻው እሱ ነው፤ ግን እጃጂን የመሰለ ከተማ ላይ ማርከሻው ጊዜና ፈሳሽ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካ ታክሪንን ፈቀደች፤ ጉበት ይጎዳ ስለነበር ዕድሜው አጠረ። ቀጥሎ ዶኔፔዚል መጣ። ጃፓን ውስጥ ኤይሳይ በተባለው ኩባንያ የሚሠራ ሃቺሮ ሱጊሞቶ የሚባል ኬሚስት ከባልደረቦቹ ጋር የሠራው ነው፤ የገዛ እናቱ በመርሳት ሕመም ተይዘው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 አሜሪካ ላይ ተፈቀደ፤ ዛሬም ሐኪሞች በብዛት የሚያዙት እሱን ነው። ተአምር ነው ያላችሁ ሰው ካለ ግን አትመኑት። የሚሞተውን ሕዋስ አያስቀርም፣ ጓሉንም ክሩንም አይነካም። ከሚወስዱት አንዳንዱ ለጥቂት ወራት ወይም ከዚያ ላለፈ ጊዜ ነቃ ይላል፤ ልብሱን ራሱ ይለብሳል፣ ወሬ ይከተላል። አንዳንዱ ደግሞ ማቅለሽለሽና ተቅማጥ ብቻ ያተርፋል።

የነርቭ ሐኪም ማግኘትም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ስፔሻሊስት ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከዚያ በፊት ሙያውን ውጭ ተምረው የመጡ ጥቂቶች ነበሩ፤ ከቀደምቶቹ አንዱ ዶክተር ረዳ ተክለኃይማኖት ናቸው። ቡታጅራ አካባቢ ከ60 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ቤት ለቤት አስቆጥረው የነርቭ በሽታ ያለበትን ለይተዋል፤ ጓያ እግር እንዴት እንደሚያስርም ያጠኑት እሳቸው ናቸው። ጓያ በሌላ መንገድ የሚሠራ መርዝ ነው፤ ያነሳሁት ግን ያለ ነገር አይደለም። ከነርቭ በሽታችን መካከል ከሌማትና ከጓዳ የሚወጣ እንዳለ እሳቸው ቀድመው አይተዋል።

ጓዳ ካልን ዘንድ ወደ አኮ ጓዳ እንግባ። ያን ሌሊት አኮ ከተረጋጉ በኋላ ጤና መኮንኑ ልጅቱን ጠራት።

«እህቴ፣ ይህን ያህል ያሳበዳቸው ጭሱ ብቻ ከሆነ ይገርመኛል። ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ ሰብስበሽ አምጪልኝ።»

«የስኳርና የግፊት ብቻ ነው የሚወስዱት።»

«ያለውን ሁሉ አምጪው ግዴለም።»

በጥቁር ፌስታል አመጣችው። ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈው። የስኳሩ ሜትፎርሚን፣ የግፊቱ አቴኖሎል ደህና። ከሥር አሚትሪፕቲሊን ወጣ፤ ስኳሩ እግራቸውን ሲያቃጥላቸው አንድ የግል ክሊኒክ የሰጣቸው ነው፤ ሐኪሙ ማታ ማታ አንድ ብሎ ነበር፣ እሳቸው እንቅልፍ ሲያጡ ሁለት ያደርጉታል። ለጥቀው የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ፤ ሳሉ ከለቀቃቸው ቆይቷል፣ ደህና ያስተኛል ብለው ይጎነጩለታል። ውስጡ ዳይፈንሃይድራሚን አለ። ለሆድ ቁርጠት የተገዛ ሃዮሲን ቡቲልብሮማይድም ነበር፤ እሱስ ወደ አንጎል እምብዛም አይዘልቅም።

አሚትሪፕቲሊንም ዳይፈንሃይድራሚንም ከሌላ ሥራቸው ጎን የአስተናግርን ሥራ ይሠራሉ። የወጣት አንጎል አሴቲልኮሊን ስለማያንሰው አፍ ከማድረቅና ከማስተኛት አያልፍበትም። የሰባ ዓመት አንጎል ግን ትርፍ የለውም፤ ክኒኑ የሚቀንሰው ከመኖሪያው ነው። በአሜሪካ ሲያትል ውስጥ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 3,434 ሰዎችን ለዓመታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት፣ እንዲህ ያሉ መድኃኒቶችን ብዙና ረጅም ጊዜ የወሰዱት በኋላ በመርሳት በሽታ የመያዛቸው ነገር ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ክኒኑ በሽታውን አመጣው ለማለት ጥናቱ ብቻውን አይበቃም። ግን የቀረውን አእምሮ ዛሬ ማደብዘዙ ከማንም የተሰወረ አይደለም። ለእኔ የሚገርመኝ፣ የአሳንግራውን ዘር ያየ ሁሉ «መርዝ!» ብሎ ሲጮህ፣ ያንኑ ሥራ የሚሠራውን ሽሮፕ ማንም ዓይቶ አለማየቱ ነው። ጠርሙስ ላይ እሾህ የለማ!

ጤና መኮንኑ ሽሮፑን ወዲያው አስቀረው። አሚትሪፕቲሊኑን በአንዴ አላቋረጠውም፤ በድንገት ሲቆም ያስመልሳል፣ እንቅልፍም ይነሳል። ቀስ በቀስ አስቀነሳቸው፤ ለእግራቸው ማቃጠል ሌላ መድኃኒት ተፈለገ። መስቀል ሲደርስ ቡናው ላይ ጨው የሚገባው አንድ ጊዜ ብቻ ሆነ። የዕድሩም ብር አንዴ ከተከፈለ ተከፈለ። ጎረቤት «ልክፍቱ ለቀቃቸው» አለ፤ ልጅቱም አልተከራከረችም።

ገበያ መሃል መቆማቸው ግን አልተዋቸውም። ትናንት የመጣው እንግዳ ማን እንደነበር ሲጠየቁ «ማን መጥቶ ነበር?» ይላሉ። የክኒኑ ድርሻ ሲነሳ ከሥሩ ሌላ ነገር ቀርቶ ታየ። ስለዚህ ልጅቱ ጥቅምት ላይ አምቦ ወሰደቻቸው።

የአምቦው የውስጥ ደዌ ሐኪም ቸኩሎ ስም አልለጠፈም። የታይሮይድ፣ የቫይታሚን ቢ12፣ የቂጥኝና የኤችአይቪ ምርመራ አዘዘ፤ ስኳራቸው ሌሊት ሌሊት ይወርድ እንደሆነ ጠየቀ፤ ልባቸው አዝኖ እንደሆነ፣ ብቻቸውን ያለቅሱ እንደሆነ ጠየቀ። እነዚህ ሁሉ መርሳትን መስለው ይመጣሉ፤ አንዳንዶቹም ይታከማሉ። ሦስት ቃል ሰጥቷቸው ከቆይታ በኋላ መልሶ ጠየቃቸው፤ አንዱን ብቻ አስታወሱ። ሰዓት ሳሉ አላቸው፤ ቁጥሮቹን ሁሉ በአንድ ወገን ደረደሯቸው።

«ዶክተር፣ ዶኔፔዚል የሚባል አለ አሉኝ» አለች ልጅቱ።

«አለ፤ እንሞክረው ይሆናል» አለና የአኮን አንጓ ያዘ። ሰዓቱን እያየ ቆጠረ፤ እንደገና ቆጠረ። በደቂቃ 48። አቴኖሎሉ ልባቸውን ዝግ አድርጎታል፤ ዶኔፔዚል ሲጨመርበት ደግሞ አሴቲልኮሊኑ ስለሚበዛ፣ ሎዊ በእንቁራሪቶቹ ልብ ላይ ያየው ነገር አኮ ደረት ውስጥ ይደገማል። ራሳቸውን ስተው ቢወድቁና ዳሌያቸው ቢሰበር፣ ለማስታወስ ተብሎ የተሰጠው ክኒን አልጋ ላይ ያውላቸዋል።

«አኮ፣ ልብዎ በጣም ዝግ ብሏል» አላቸው፤ ስሙን ከልጅ ልጃቸው ሰምቶ ነው።

«ታዲያ የት ሊደርስ ይቸኩል?» አሉት።

ሐኪሙ ሳቀ። የግፊት መድኃኒቱን ወደ አምሎዲፒን ቀየረላቸው፤ ኢሲጂ እንዲነሱ ወረቀት ጻፈ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ልብ ምቱ ከ60 ካለፈ ዶኔፔዚሉን በትንሹ መጠን እንደሚጀምር ነገራት። ልጅቱ ወረቀቱን ተቀብላ ወጣች፤ አኮን ወንበር ላይ አስቀምጣ የኢሲጂውን ክፍል መፈለግ ጀመረች።